ባለቤቱን እየለወጠ የዘለቀው ኑዎ

የቻይናን የጭምብል ሥርዓት የሚያስተዋውቁ መጽሔቶችና የሙዚየም መግለጫዎች ኑዎን ሲጠቅሱ «ሕያው ቅሪተ አካል» የሚል ቅጽል ማከል ይወዳሉ። ቅጽሉ የተስፋፋው በ1980ዎቹ የባህል ተመራማሪዎች ወደ ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ቻይና ተራራማ መንደሮች በብዛት መውጣት ከጀመሩ ወዲህ ነው። ሐሳቡም ግልጽ ነው፤ ክፉ መንፈስንና ወረርሽኝን ከቤትና ከመንደር ለማባረር ጭምብል አጥልቆ መጨፈር በጥንት ነገሥታት ዘመን ተጀመረ፣ ከተሞቹ ሲረሱት ተራሮቹ ይዘውት ቀሩ፣ እኛም ዛሬ ጥንቱን እንዳለ በዓይናችን እናያለን ማለት ነው። ይህ አነጋገር ጎብኚን ይማርካል፤ ታሪኩን ግን ያዛባል። የጽሑፍ ማስረጃዎቹን ከጥንቱ ጀምሮ በቅደም ተከተል ያነበበ ሰው የሚያገኘው በየዘመኑ ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላ ባለቤት የተሻገረ ሥራን ነው። ኑዎ መጀመሪያ የመንግሥት ሹመት ነበር፤ ቀጥሎ የቤተ መንግሥት ተዋንያን ሥራ ሆነ፤ ከዚያ ጎሳዎች፣ የጦር ሰፈሮችና የመንደር የሥርዓት መሪዎች ወረሱት፤ ዛሬ ደግሞ የባህል ቢሮዎች እጅ ገብቷል። እኔ እስከገባኝ ድረስ ኑዎን ያቆየው ይህ የባለቤት መለዋወጥ ነው። ተውኔት የሆነውም ጥንታዊው ሥርዓት በራሱ ጊዜ በስሎ አይደለም፤ በትርኢት ለሚተዳደሩ ሰዎች ከተሰጠ በኋላ ነው።

ቀዳሚው ማስረጃ «የዦው ሥርዓቶች» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ የዦው ሥርወ መንግሥትን ሹማምንት ይዘረዝራል፤ ብዙ ሊቃውንት ግን የተጠናቀረው ዘግይቶ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ475 እስከ 221 በነበረው የተፋላሚ መንግሥታት ዘመን አካባቢ እንደሆነ ያምናሉ። ስለዚህ የሰፈረው ሁሉ በተግባር ላይ የዋለ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ የዘመኑ ሰዎች አንድ በሥርዓት የቆመ መንግሥት ምን ምን ሹመት ሊኖረው ይገባል ብለው ያስቡ እንደነበር ግን በደንብ ያሳያል። በዝርዝሩ ውስጥ ፋንግሺያንግሺ የሚባል ሹም አለ። የድብ ቆዳ ይደርባል፤ አራት የወርቅ ዓይኖች አሉት፤ ከላይ ጥቁር ከታች ቀይ ይለብሳል፤ ጦርና ጋሻ ይይዛል። መቶ አገልጋዮች አስከትሎ በየወቅቱ ኑዎ ያካሂዳል፤ ቤቶችን እየፈተሸ በሽታ አምጪውን መንፈስ ያስወጣል። ታላቅ የቀብር ሥርዓት ሲኖር ከአስከሬኑ ፊት ይሄዳል፤ መቃብሩ ዘንድ ሲደርስም ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አራቱን ማዕዘን በጦሩ ይመታል። ከአለባበሱ ይልቅ እኔን የሚስበኝ የተመደበበት ክፍል ነው። ጠንቋዮቹ፣ አዋቂዎቹና ሙዚቀኞቹ በመጽሐፉ ውስጥ የሚገኙት የአምልኮ ጉዳይ በሚመራበት የፀደይ ክፍል ነው። ፋንግሺያንግሺ ግን እዚያ የለም፤ የጦር ጉዳይ በሚመራበት የበጋ ክፍል፣ ከፈረስ ኃላፊዎችና ከጥበቃ ሹማምንት ጋር ተሰልፏል። እንግዲህ መንግሥት በዓይን የማይታየውን ጠላት እንደሚታየው ጠላት ቆጥሮ መሣሪያ የታጠቀ ሰው መድቦበታል ማለት ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ የሚተረክ ታሪክ የለም፤ የሚወከል ገጸ ባሕርይ የለም፤ ለተመልካች የተዘጋጀ ቦታም የለም።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሳል። ኑዎ ከጅምሩ የመንግሥት ሹመት ከነበረ በኮንፊሽየስ ንግግሮች መድብል ውስጥ የተጠቀሰው የመንደር ሰዎች ኑዎ ምን ሊባል ነው? በመድብሉ አሥረኛ ምዕራፍ እንደሰፈረው የመንደሩ ሰዎች ኑዎ ሲያካሂዱ ኮንፊሽየስ የቤተ መንግሥት ልብሱን ለብሶ በቤቱ ምሥራቃዊ ደረጃ ላይ ይቆም ነበር። ይህ የሚያሳየው ሥርዓቱ ከቤተ መንግሥት ውጭም ይካሄድ እንደነበር ነው፤ ምናልባትም መንግሥት የወሰደው ከመንደር ሊሆን ይችላል። ይህን አልክድም። ነገር ግን ጥቅሱ ስለ ጭምብል አያነሳም፤ ስለ አማልክት፣ ስለ ዘፈን፣ ስለ ታሪክም አንድ ቃል የለውም። ከሁለት ሺህ ዓመት በኋላ በጂያንግሺ ወይም በጉይዦው መንደር የታየውን በዚያች አጭር መስመር ላይ መጫን ማስረጃውን ከአቅሙ በላይ ማሸከም ነው። የትርጓሜ ሊቃውንቱ ራሳቸው አልተስማሙም። ጥንታዊው ማብራሪያ ኮንፊሽየስ በደረጃው ላይ የቆመው የአባቶቹ መንፈስ በጩኸቱ እንዳይደነግጥ ነው ይላል። በአሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ዡ ሺ ደግሞ ኑዎ ጥንታዊ ሥርዓት ቢሆንም ወደ ጨዋታ የተጠጋ ነው፤ ኮንፊሽየስ ግን ለዚህም ቢሆን አክብሮቱን አልነፈገም ሲል ያብራራል። ዡ ሺ ወደ ጨዋታ የተጠጋ ያለው የትኛውን ኑዎ ነው? የኮንፊሽየስን ዘመን ኑዎ ሊያይ አይችልም። የሚያውቀው የራሱን ዘመን፣ የሶንግ ሥርወ መንግሥትን ኑዎ ነው፤ እሱ ደግሞ፣ ወደፊት እንደምናየው፣ በእርግጥ ጨዋታ ሆኖ ነበር።

የመንግሥት ኑዎ ከሁሉ ይበልጥ ደምቆ የሚታየው በኋለኛው የሃን ሥርወ መንግሥት ታሪክ፣ ስለ ሥርዓቶች በሚናገረው ክፍል ነው። ከዓመቱ ማብቂያ የላ በዓል አንድ ቀን ቀደም ብሎ በዋና ከተማው በሉዎያንግ ታላቁ ኑዎ ይካሄዳል። ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 12 የሆነ 120 ልጆች ከቤተ መንግሥቱ ጃንደረቦች ክፍል ይመረጣሉ፤ ቀይ ሻሽ ያስራሉ፣ ጥቁር ይለብሳሉ፣ ከበሮ ይይዛሉ። ፋንግሺያንግሺ ባለ አራት ዓይን ሆኖ ጦርና ጋሻውን ይዞ ይቆማል፤ ፀጉርና ቀንድ ያላቸው አሥራ ሁለት አውሬዎች ይከተሉታል። ሌሊት ላይ መኳንንቱ በየማዕረጋቸው ተሰልፈው ንጉሠ ነገሥቱ ከተቀመጠ በኋላ የልጆቹ ዝግጁነት ይነገርና የማባረሩ ሥራ ይጀመራል። አንዱ ያወርዳል፣ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ አሥራ ሁለቱ አማልክት እያንዳንዳቸው የትኛውን ክፉ መንፈስ እንደሚበሉ በየስማቸው ይጠራል፤ ፈጥኖ ያልወጣ መንፈስ አካሉ እንደሚቃጠል፣ ሥጋው እንደሚቆራረጥ፣ ሆድ ዕቃውም እንደሚወጣ ይዛትበታል። ከዚያ ፋንግሺያንግሺና አውሬዎቹ እየጮኹ ቤተ መንግሥቱን ሦስት ጊዜ ይዞራሉ፤ በሽታውም በችቦ ታጅቦ በደቡቡ በር ይወጣል። ችቦውን ከበሩ ውጭ ፈረሰኞች ይረከባሉ፤ ከእነሱም ሌሎች የጦር ሰፈር ፈረሰኞች ይቀበላሉ፤ በመጨረሻ ሉዎ ወንዝ ውስጥ ይጣላል። ባለቅኔው ዣንግ ሄንግም ስለ ምሥራቁ ዋና ከተማ በጻፈው ረጅም ቅኔ ይህንኑ ሌሊት ገልጾታል።

ይህን ትዕይንት በድንጋጤ ብቻ ማንበብ ቀላል ነው። ፈረንሳዊው ማርሴል ግራኔ በ1926 ባሳተመው ሥራው ከኋላው ያለውን ጥንታዊ የአፈ ታሪክ ዓለም ፈልጎበታል፤ አሜሪካዊው ደርክ ቦዲም በ1975 ስለ ሃን ዘመን በዓላት በጻፈው መጽሐፍ ረጅም ምዕራፍ ሰጥቶታል። እኔ ግን በውስጡ የማየው የመንግሥት አስተዳደርን ነው። የዕድሜ ገደብ አለ፤ የልጆች ቁጥር አለ፤ የርክክብ ቦታ አለ፤ ከቤተ መንግሥት ጥበቃ ወደ ከተማ ጦር የሚተላለፍበት መስመር አለ። ክፉ መንፈሱ ልክ እንደ እስረኛ በታጠቀ አጀብ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከከተማ ይወጣል። መንግሥት በአንድ ሌሊት ለሥልጣኑ ተገዢ የሆነውን ቦታ ሁሉ፣ ከእልፍኝ እስከ ወንዝ፣ በእግሩ ይረግጣል። የሥርዓቱ ኃይል የሚመነጨው ከተመልካች አድናቆት አይደለም፤ ትእዛዝ የሚሰጠው አካል የመንግሥት መሆኑ በቂ ነው። ተመልካች ቢኖርም ተሰልፎ የቆመ ባለ ሥልጣን ነው፤ እሱም የሥርዓቱ አካል ነው።

በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሥርዓቱ ወደ ታች ወረደ። በ732 የተጠናቀቀው የካይዩዋን ሥርዓት መጽሐፍ ለቤተ መንግሥት ብቻ ሳይሆን ለክፍላተ ሀገርና ለወረዳዎችም ኑዎ ደነገገ፤ ማዕረግ ዝቅ ሲል የሰው ቁጥሩም ያንሳል። ይህ የሹመቱ የመጨረሻ መስፋት ነበር፤ የመዳከሙም መጀመሪያ እዚያው ይታያል። በታንግ መጨረሻ የኖረው ዱዋን አንጂዬ ስለ ሙዚቃ በጻፈው ማስታወሻ የቤተ መንግሥቱ ኑዎ ልጆች 500 ደርሰው እንደነበር ይነግረናል። ከቁጥሩ የሚበልጠው ግን ቀጥሎ የሚለው ነው። በዓሉ ከመድረሱ 10 ቀን በፊት የሥርዓት መሥሪያ ቤቱ ኑዎውንና ሙዚቃውን ሁሉ ይለማመዳል፤ በዚያ ቀን የሹማምንት ቤተሰቦች መደብ ላይ ወጥተው ይመለከታሉ፤ ተራው ሕዝብም ገብቶ ያያል። ልምምድ ለማየት ሰው ከተሰበሰበ ሥራው ሁለት ዓላማ አበጅቷል ማለት ነው። በልምምዱ ቀን የሚባረር ክፉ መንፈስ የለም፤ ያለው የሚታይ ነገር ብቻ ነው። በዱንኋንግ ዋሻ በተገኙት የታንግና ከዚያ በኋላ ባሉት ዘመናት ጽሑፎች ውስጥም ለኑዎ የተጻፉ ግጥሞች አሉ። እዚያ ዦንግ ኩይ፣ የአጋንንት አዳኙ፣ ብቅ ይላል። ዦንግ ኩይ ስምና ፊት ያለው፣ በኋላም ታሪክ የተበጀለት ነው፤ ፋንግሺያንግሺ ግን የሹመት ስም ብቻ ነበረው።

በሶንግ ዘመን መዞሪያው በማያጠራጥር ሁኔታ ይታያል። ሜንግ ዩዋንላው በ1127 የወደቀችውን ዋና ከተማ ካይፈንግን እያስታወሰ በ1147 በጻፈው መጽሐፍ የዓመቱ መጨረሻ ሌሊት ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚካሄደውን ታላቅ ኑዎ ይተርካል። የክብር ዘበኞች ጭምብልና በቀለም ያጌጠ ልብስ ለብሰው የወርቅ ጦርና የዘንዶ ሰንደቅ ይይዛሉ። የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃና የትርኢት ክፍል አለቃ ሜንግ ጂንግቹ ግዙፍ ሰው ስለሆነ ወርቅ የተቀባ የመዳብ ጥሩር ለብሶ የጦር አለቃ ይሆናል። ናን ሄታን የሚባለው የዚያው ክፍል ባልደረባ መልከ ጥፉና ወፍራም በመሆኑ የሲኦል ዳኛ እንዲሆን ይደረጋል። ሌሎች የበር አማልክት፣ ዦንግ ኩይ፣ ታናሽ እህቱ፣ የመሬት አምላክ፣ የምድጃ አምላክ ይሆናሉ። በጠቅላላው ከ1000 በላይ ሰው ክፉውን ከቤተ መንግሥት ነድቶ ከናንሹን በር ውጭ «ይቀብረዋል»። በዚህ ትረካ ውስጥ ፋንግሺያንግሺ የለም። አሥራ ሁለቱ አውሬዎች የሉም። ከበሮ የያዙት ልጆችም የሉም። በእነሱ ቦታ ቁመናው ለሚናው የሚስማማ ተዋናይ ቆሟል። ሹም የሚመረጠው በማዕረግ ነው፤ ናን ሄታን የተመረጠው በመልኩ ነው። ከዚህ የበለጠ የባለቤት ለውጥ ማስረጃ አላውቅም።

ያው መጽሐፍ ከቤተ መንግሥት ውጭ ስለሚሆነው የጻፈው ደግሞ ነገሩን ያጠናክራል። የዓመቱ የመጨረሻ ወር ሲገባ ድሆች ሦስትም ይሁኑ አራት ተቧድነው ሴት፣ አምላክ፣ ጋኔን መስለው ነጋሪትና ከበሮ እየመቱ ከደጅ ወደ ደጅ ይለምናሉ፤ ይህም ክፉን የማባረር አንድ መንገድ ነው ይለናል ጸሐፊው። ንጉሠ ነገሥቱና ለማኙ በአንድ ወር አንድ ሥራ ይሠራሉ። ለጭምብልም ገበያ ተከፍቷል። ሉ ዩ የተባለው ታላቅ ባለቅኔ በማስታወሻው እንደጻፈው ከ1111 እስከ 1118 በነበረው የዠንግሄ ዘመን ለታላቁ ኑዎ ጭምብል እንዲልኩ የጉይሊን ሰዎች ታዘው ነበር። አንድ ስብስብ ላክን ሲሉ ቤተ መንግሥቱ ቁጥሩ አነሰብኝ ብሎ ተገረመ፤ ኋላ ሲታይ አንዱ ስብስብ 800 ጭምብል ኖሯል፤ ሽማግሌና ወጣት፣ ውብና አስቀያሚ፣ አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል። የጉይሊን ጭምብል ሠሪዎችም በዚህ ሥራ መክበራቸውን ሉ ዩ ሳይጠቅስ አላለፈም። አራት ዓይን ያለው አንድ ፊት ይበቃው የነበረ ሥርዓት 800 ፊት አስፈለገው። ለማስፈራራት አንድ ፊት ይበቃል፤ ብዙ ፊት የሚያስፈልገው ለሚና ነው።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከተውኔት ታሪክ ጸሐፊዎች ነው። ዋንግ ጉዎዌይ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የቻይናን ተውኔት መነሻ በጥንት ጠንቋዮችና በቤተ መንግሥት ቀልደኞች ዘንድ ፈለገ። ፒየት ቫን ደር ሉን በ1977 ባሳተመው ጥናት የቻይና ቲያትር መነሻው ሥርዓተ አምልኮ ነው ሲል በጥብቅ ተከራከረ፤ ጃፓናዊው ታናካ ኢሴይም በቻይና የመንደር መሥዋዕትንና የተውኔትን ትስስር በሰፊው መርምሯል። ከእነዚህ ሰዎች ብዙ ተምረናል፤ መድረክ ያለ መቅደስ በቻይና ታሪክ ሊገባን አይችልም። ነገር ግን «ሥርዓት ተውኔትን ወለደ» የሚለው አቅጣጫ በኑዎ ጉዳይ ላይ ሲፈተን ብዙ ጊዜ ተገልብጦ ይገኛል። በአንሁዊ ክፍለ ሀገር በጉይቺ አካባቢ የሚካሄደውን የኑዎ ተውኔት እንውሰድ። በ1967 ሻንጋይ አቅራቢያ ጂያዲንግ ውስጥ ከአንድ መቃብር በ1470ዎቹ የታተሙ በዜማ የሚተረኩ ታሪኮች ወጡ። ተመራማሪዎች እነዚህን ከጉይቺ የኑዎ ድርሳኖች ጋር ሲያስተያዩ፣ ስለ ዳኛ ባውና ስለ ጀግናው ሁዋ ጓንሱዎ ባሉት ታሪኮች ላይ የቅርብ ዝምድና አገኙ። ስለዚህ ታሪኩ ከከተማ ተራኪና ከማተሚያ ቤት ተነስቶ ወደ ጭምብሉ ገባ እንጂ ከጭምብሉ ተነስቶ ወደ መድረክ አልወጣም። ጭምብሉ ስፍራና ሥልጣን ሰጠ፤ ገበያው ደግሞ ታሪክ አቀረበ።

በጉይዦው የአንሹን ወረዳ ያለው «የመሬት ተውኔት» ይህንኑ በሌላ መልክ ያረጋግጣል። በ1381 የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ዡ ዩዋንዣንግ ዩናንን ለመያዝ ጦር ላከ፤ ከዘመቻው በኋላ ወታደሮች በመንገዱ ላይ ከነቤተሰባቸው ሰፈሩ። የእነሱ ዘሮች እስከ ዛሬ በድንጋይ ቤቶቻቸው ውስጥ ይኖራሉ፤ የመሬት ተውኔቱም የእነሱ ነው። ከፍ ያለ መድረክ የለውም፤ ሜዳ ላይ ይካሄዳል፤ ተመልካቹ ከዳገት ወደ ታች ያያል። ለዚህ ነው ተጫዋቹ ፊቱን በጥቁር ስስ ጨርቅ ሸፍኖ ጭምብሉን ግንባሩ ላይ የሚያስረው። የሚተረከው ጦርነት ብቻ ነው፤ የሦስቱ መንግሥታት ጀግኖች፣ የታንጉ ሹዌ ረንጉይ፣ የያንግ ቤተሰብ የጦር አለቆች። የፍቅር ታሪክ አይገባም፤ በመንግሥት ላይ ያመፁ ሰዎች ታሪክም አይገባም። ይህ የምርጫ ድንበር የጥንት አስማት ትዝታ አይደለም፤ በባዕድ አገር የሰፈረ የጦር ቤተሰብ ማንነቱን የሚጠብቅበት አጥር ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች ይህ ከነጭራሹ ኑዎ አይባልም ይላሉ፤ ሌሎች «የጦር ኑዎ» ብለው ይመድቡታል። እኔ ወደ ሁለተኞቹ አዘነብላለሁ፤ ምክንያቱም በአዲስ ዓመት የጭምብሉ ሣጥን በሥርዓት ይከፈታል፣ የመንደሩ ክፉ ነገር ተጠርጎ ይወጣል፣ ከዚያም ሣጥኑ በሥርዓት ይዘጋል። ጦሩ ባለቤቱን ለወጠ እንጂ የሥራውን ዓይነት አልለወጠም።

ጎሳ ባለቤት ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ወደ ጂያንግሺ፣ ወደ ናንፌንግ ወረዳ ሺዮው መንደር መሄድ ነው። እዚያ የኑዎ አምላክ ቤተ መቅደስ አለ፤ ስምንት ጨፋሪዎችም አሉ፤ በዕድሜና በአገባብ ተራ ከታላቅ አጎት ጀምሮ በቁጥር ይጠራሉ። የመንደሩ ትልቅ ጎሳ ዉ ነው፤ ቤተ መቅደሱንና የበዓሉን ጉዳይ የሚመራውም እሱ ነው። ጨፋሪዎቹ ግን ከሌሎቹ ጥቃቅን ቤተሰቦች የሚመለመሉ ናቸው። ባለቤትና ሠራተኛ እንዲህ ተለያይተው የቆሙበት ተቋም «ሕዝባዊ ጨዋታ» በሚል ስም ብቻ አይገለጽም፤ ማን መሬት እንዳለው፣ ማን ደግሞ በመንደሩ ለመኖር አገልግሎት እንደሚከፍል የሚያሳይ ውል አለበት። ሥርዓቱ ከጨረቃው አዲስ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ እስከ ወሩ አጋማሽ ይዘልቃል፤ ማስጀመር፣ መጨፈር፣ መፈተሽና መዝጋት የሚባሉ ደረጃዎች አሉት። በመፈተሹ ሌሊት ተራራ ከፋቹ ካይሻን፣ ዦንግ ኩይና ታላቁ አምላክ የሚባሉት ጭምብሎች የብረት ሰንሰለት ይዘው ቤት ለቤት ይገባሉ፣ ጥጋ ጥጉን ይፈትሻሉ። የቤት ፍተሻው «የዦው ሥርዓቶች» ከሚለው ጋር መመሳሰሉ አይካድም። የሚፈትሹት ግን ሌሎች ናቸው፤ የላካቸውም ሌላ ነው።

በጉይዦው ሰሜን ምሥራቅ በደጂያንግ የቱጂያ ሕዝብ ዘንድ ባለቤቱ ጎሳም ጦርም አይደለም፤ ሥርዓቱን ያዘዘው ቤተሰብና ቱ ላውሺ የሚባለው የአካባቢው የሥርዓት መምህር ናቸው። ሰው ልጁ ሲታመምበት፣ ወንድ ልጅ ሲመኝ፣ ሽማግሌው ዕድሜ እንዲጨመርለት ሲሻ ስእለት ይሳላል፤ ሲሳካለት መምህሩን ይጠራል። በቤቱ አዳራሽ የኑዎ አባትና የኑዎ እናት ምስል ይቆማል፤ እነዚህ ከጥፋት ውኃ የተረፉት ወንድምና እህት እንደሆኑ ይተረካል። መሠዊያ ይከፈታል፤ ከዚያ ጭምብሎቹ የሚወጡበት «ዋሻ» ይከፈታል፤ በመጨረሻም መሠዊያው ይዘጋል። ሙሉ ትርኢት 24፣ ግማሽ ትርኢት 12 ጭምብል ይጠይቃል። መምህሩ ስለት በተደረደረበት መሰላል ላይ በባዶ እግሩ ይወጣል፣ በእሳት የጋለ የማረሻ ብረት ይረግጣል፣ ሕፃናትን «የዕድሜ ኬላ» ያሳልፋል። በመካከሉ ደግሞ ተመልካቹን በሳቅ የሚያንፈራፍሩ ጨዋታዎች አሉ፤ አምላክ ሆኖ የገባው ጭምብል ከባለቤቱ ጋር በዋጋ ይከራከራል። የዳዊዝም ጸሎት፣ የቡድሂዝም ስሞችና የአካባቢው እምነት ሁሉ እዚህ ተደባልቀዋል። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት ሥርዓት ጋር ሲተያይ የዓመት መጨረሻው ቀን እንኳ ላልቷል፤ ስእለቱ በደረሰ ጊዜ ይካሄዳል።

እንግዲህ ባለቤቱ ከተለወጠ፣ ጊዜው ከላላ፣ አማልክቱም ከተተኩ ለምን በአንድ ስም እንጠራዋለን ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ ጸሐፊዎች ስሙ ከ1980ዎቹ ወዲህ ከሚገባው በላይ ተለጥጦ ጭምብል ያለበትን ሁሉ ይጠቀልላል ማለታቸውም ትክክል ነው። ነገር ግን ከሃን እስከ ደጂያንግ የማይጠፋ አንድ ነገር አለ፤ ሰው የማይሰጠው ሥልጣን በጭምብል አማካይነት ለጊዜው ለአንድ ሰው ይሰጣል፤ እሱም በሌላ ሰው ቤት ገብቶ የመፈተሽ፣ የማስፈራራትና የማስወጣት መብት ያገኛል። ፊቱን ሲገልጥ መብቱ ያበቃል። የተቀረው ሁሉ በየዘመኑ ያ መብት ከማን እንደሚመነጭ የሚነግረን ልብስ ነው፤ አንድ ጊዜ ከንጉሠ ነገሥት፣ አንድ ጊዜ ከጎሳ አባቶች፣ አንድ ጊዜ ስእለት ካለበት አባወራ።

ባለቤት ሳይለወጥ ቢቀር ምን ይሆን ነበር? ለዚህ መልስ የሚሆን የጎረቤት ምሳሌ አለ። ኑዎ ወደ ጃፓን የገባው በመንግሥት እጅ ነው፤ የጃፓን ዜና መዋዕል በ706 ወረርሽኝ ብዙ ሰው በፈጀበት ዓመት ታላቅ ኑዎ እንደተካሄደ ይመዘግባል። ሆሶሺ የተባለው ፋንግሺያንግሺ አራት ወርቃማ ዓይኖቹን፣ ጦሩንና ጋሻውን ይዞ በቤተ መንግሥት ቆየ። ውጤቱ ግን ያልተጠበቀ ነበር፤ እያደር መኳንንቱ አባራሪውን ራሱን እንደ ጋኔን እያዩ ያሳድዱት ጀመር። አስፈሪ ፊቱ ቀረ፤ ለምን እንደለበሰው ግን ተረሳ። በኋላ ሕዝቡ ዘንድ የተስፋፋው በሰትሱቡን ዕለት የተቆላ አኩሪ አተር እየበተኑ ጋኔን የማባረር ልማድ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሹም አያስፈልግም። በኮሪያ ቤተ መንግሥቱ ሥርዓቱን በጭፈራና በጨዋታ አደመቀው፤ ከዚያ ወገን የዘለቀው የቾዮንግ የጭምብል ጭፈራ በ2009 በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ሹመቱን የሙጥኝ ያለው ተምታታ፤ ለጨዋታ በሩን የከፈተው ተረፈ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን የቻይና መንደሮች ኑዎ ከባድ ዘመን አሳለፈ። ከ1949 በኋላ አጉል እምነት ተብሎ ተገፋ፤ ከ1966 እስከ 1976 በነበረው የባህል አብዮት ደግሞ ብዙ ጭምብል ተቃጠለ፣ ድርሳናት ወደሙ፣ መምህራን ተዋረዱ። ከዚያ ንፋሱ ዞረ። በ1986 የአንሹን የመሬት ተውኔት ቡድን ፓሪስ ሄዶ አሳየ፤ በ1988 የኑዎ ተውኔት ጥናት ማኅበር ተቋቋመ፤ በ2006 ደግሞ የደጂያንግ፣ የጉይቺ፣ የናንፌንግና የአንሹን ሥርዓቶች በመጀመሪያው ብሔራዊ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ዝርዝር ውስጥ ገቡ። አሁን ባለቤቱ የወረዳው ባህል ቢሮ ነው፤ ሥልጠና ይሰጣል፣ «ወራሽ» ብሎ ይሾማል፣ ለበዓልና ለቱሪስት ሃያ ደቂቃ የምትሞላ ቅንጭብ ያዘጋጃል። ብዙዎች ይህን እንደ ሥርዓቱ ሞት ቆጥረው ያዝናሉ። ሐዘናቸው ይገባኛል፤ ግን ኑዎ በትርኢት ክፍል ሲያዝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ሜንግ ጂንግቹና ናን ሄታንም የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ልምምዱን ለማየት መደብ ላይ የወጣው የታንግ ባለ ሥልጣን ቤተሰብም ከዛሬው ጎብኚ ብዙ አይለይም። ያን ጊዜ ሥርዓቱ ያልሞተው ከመድረኩ ጎን የደሃው፣ የጎሳውና የስእለተኛው ኑዎ ስለነበረ ነው።

አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩ የሚመዘግበው ጭምብሉን፣ ዜማውን፣ ርምጃውንና የወራሹን ስም ነው። ሥርዓቱን ማን እንዳዘዘው፣ በየትኛው ስእለት፣ በስንት ዋጋ፣ በየትኛው ቤት እንደተካሄደ ግን እምብዛም አይመዘገብም። የታይዋኑ ምሁር ዋንግ ቺውጉይ በ1990ዎቹ ባስተባበሩት ትልቅ የመስክ ጥናት የወጪ ዝርዝር፣ የመሠዊያ አቀማመጥና የመምህራን የትምህርት ሐረግ ጭምር ታትሟል፤ ከዚያ ወዲህ የወጡት ብዙዎቹ አልበሞች ወደ ውብ ፎቶግራፍ ተመልሰዋል። የቅርስ ቢሮዎችም ተመራማሪዎችም ከፎቶግራፉ አስቀድመው የአዛዡን ቤተሰብ ውልና ወጪ ይመዝግቡ፤ ጭምብሉን በማንኛውም ጊዜ ዳግም መቅረጽ ይቻላል፣ ያዘዘው ሰው ካለፈ በኋላ ግን ለምን እንዳዘዘው የሚጠየቅ አይገኝም።